ጥያቄና መልስ፦ «ፕሬዘንት» የት ላይ ይከፈላል?

ሰሞኑን ከደረሱኝ ደብዳቤዎች ብዙዎቹ «ፕሬዘንት» የሚለውን የእንግሊዝኛ ቃል የሚመለከቱ ስለሆኑ አንድ ላይ እመልሳቸዋለሁ።

አንድ የአራዳ ነዋሪ ቃሉ ስንት ክፍለ ቃል እንዳለው ጠይቀዋል።

ሁለት።

ከማራኪ ግቢ የጻፈች ተማሪ ደግሞ መዝገበ ቃላቷ ቃሉን አንድ ቦታ ላይ ከኤስ በኋላ፣ ሌላ ቦታ ላይ ከኤስ በፊት ይከፍለዋል። «የኅትመት ስሕተት ነው?» ትላለች።

ስሕተት አይደለም። ቃሉ ስም ወይም ቅጽል ሲሆን የሚበረታው የመጀመሪያው ክፍል ነው፤ «ፕሬ» ጎላ ይላል፣ «ዘንት» ይደክማል። ግስ ሲሆን ይገለበጣል፤ «ፕሪ» ይደክማል፣ «ዜንት» ይበረታል። የአሜሪካ መዝገበ ቃላት ይህንኑ አነባበብ ይከተላሉ፤ አጭርና ብርቱ አናባቢ ተከታዩን ተነባቢ ወደ ራሱ ይስባል። ቃልን እንደ አነባበቡ የመክፈልን ልማድ አሜሪካዊው የመዝገበ ቃላት አዘጋጅ ኖህ ዌብስተር በ1783 እ.ኤ.አ. ባሳተመው የልጆች ማስተማሪያ ውስጥ ተከትሎታል። «ሪከርድ» የሚለው ቃልም ስምና ግስ ሲሆን አከፋፈሉ እንዲሁ ይለያያል።

አንድ ነገር ግን አደራ እልሻለሁ። በቃሉ መካከል የሚታዩት ነጥቦች በዋናነት የሚያመለክቱት መስመር ሲያልቅ ቃሉ የት ላይ እንደሚቆረጥ ነው። አነባበቡን ከጎኑ ካለው የድምፅ አጻጻፍ ፈልጊ። በእኛ ፊደል የትም ላይ ቆርጠን ወደ ቀጣዩ መስመር ብንወርድ አንባቢ አይደናገርም። ይህ ልማድ እንግሊዝኛ ላይ ያሳስተናል፤ ፊደል ቆጥረን ክፍለ ቃል የቆጠርን ይመስለናል። «ስትሬንግዝ» በእኛ አጻጻፍ ስድስት ፊደል ነው፣ በእንግሊዝኛ ግን አንድ ክፍለ ቃል ብቻ ነው።

የአሥረኛ ክፍል ተማሪ የሆነ አንባቢ የቃሉን ትርጉሞች በዝርዝር እንዲሸመድድ መደረጉንና ፈተና ላይ ምንም እንዳልጠቀመው በምሬት ጽፏል።

ምሬትህ ተገቢ ነው። ይህን አሠራር ስቃወም ኖሬአለሁ፣ አሁንም እቃወመዋለሁ። ዝርዝር የሸመደደ ልጅ ዝርዝሩን እንጂ ቃሉን አያውቅም። «ፕሬዘንት» ከላቲን ተነሥቶ በፈረንሳይኛ በኩል ወደ እንግሊዝኛ የገባ ነው፤ መነሻው «በፊት መሆን» ነው። ከዚያ ተነሥተህ ተመልከት። ስሙ ሲጠራ «ፕሬዘንት» የሚል ተማሪ በመምህሩ ፊት አለ። የአሁኑ ጊዜ ፊታችን ያለው ጊዜ ነው። ስጦታ በሰው ፊት ይቀርባል። ጥናት ማቅረብም ሆነ እንግዳን ማስተዋወቅ አንዱን ነገር በሌላው ፊት ማቆም ነው። የቀረውን ዐረፍተ ነገሩ ራሱ ይነግርሃል። በአማርኛስ ያለነው እንዲሁ አይደለም? «ገና» ጠብቆ ሲነበብ በዓሉ ነው፣ ላልቶ ሲነበብ «እስካሁን» ማለት ነው፤ አጻጻፉ ግን አይለይም። ሆኖም «የገና ጨዋታ» እና «እንግዳው ገና አልመጣም» ተምታተውበት የሚያውቅ ጎንደሬ አላየሁም፤ ቃሉን ከነዐረፍተ ነገሩ እየሰማ አድጓልና። መምህራን፣ እባካችሁ ቃሉን በዐረፍተ ነገር ውስጥ ስጡ፤ ጮክ ብላችሁም አንብቡላቸው።

የፋሲል ግቢ አስጎብኚ «ፕሬዘንትሊ እንገባለን» ቢሏቸው እንግሊዛውያን ጎብኚዎች አረፍ ብለው መጠበቅ እንደ ጀመሩ ጽፈዋል።

በብሪታንያ ቃሉ በአብዛኛው «ከጥቂት ጊዜ በኋላ» ማለት ነው፤ አሜሪካውያን «አሁን» ለማለት ይጠቀሙበታል። «ናው» ይበሉ።

ከአዘዞ የጻፉ አባት የስምንት ዓመት ልጃቸው ቃልን በጭብጨባ መክፈል፣ በአማርኛም ቢሆን፣ እንደማይችል ነግረውኛል። ሲጠሩት ቶሎ አይመልስም፣ ቴሌቪዥኑን ከፍ አድርጎ ይከፍታል። ጥሩ የእንግሊዝኛ መጽሐፍ እንድጠቁማቸው ይፈልጋሉ።

ወንድሜ፣ መጽሐፍ አልጠቁምዎትም። ልጁን በዚህ ሳምንት የጆሮ ሐኪም ዘንድ ይውሰዱት። በጆሮ ውስጥ የተከማቸ ኩክ ወይም ፈሳሽ የልጅን መስማት ሊቀንስ ይችላል፤ ብዙውን ጊዜም ይታከማል። በደንብ ያልሰማውን ቃል ሊከፍለው አይችልም። በስንፍና አይቆጡት፣ ትምህርት ቤት እስኪዘጋም አይጠብቁ። ከምርመራው በኋላ ይጻፉልኝ፤ ስለ መጽሐፉ ያን ጊዜ እንነጋገራለን።

አንድ ነጋዴ በአሮጌ የእንግሊዝኛ ውል ላይ «ባይ ዚዝ ፕሬዘንትስ» የሚል ሐረግ አግኝተው ስጦታ ቃል የተገባላቸው መስሏቸዋል።

«በዚህ ሰነድ» ማለት ነው፤ ስጦታ የለበትም። ስለ ውሉ ጠበቃ ያነጋግሩ።