ፋይሌን ማን ደበቀው? እና ሌሎች የፎልደር ጥያቄዎች

ሰሞኑን የደረሱኝ ጥያቄዎች አብዛኞቹ በአንድ መስኮት ዙሪያ ናቸው፤ ፎልደር ስንከፍት በሚመጣው። በዊንዶውስ ፋይል ኤክስፕሎረር ይባላል። ቀኑን ሙሉ እንከፍተዋለን፣ እንዘጋዋለን። ለራሱ እንዲመች አድርጎ የሚያስተካክለው ሰው ግን ጥቂት ነው። ደብዳቤዎቹን አሳጥሬያቸዋለሁ፤ ብስጭቱንም ቀነስ አድርጌዋለሁ። ለይቼ ካልተናገርኩ የማወራው ስለ ዊንዶውስ 11 ነው።

ጥያቄ፦ የቢሮ ኮምፒውተሬን ወደ ዊንዶውስ 11 ቀየሩብኝ። አሁን ራይት ክሊክ ሳደርግ የለመድኩት ዝርዝር የለም። ግማሹ ጠፍቷል።

መልስ፦ አልጠፋም፤ ተሸጉጧል። ማይክሮሶፍት በ2021 እ.ኤ.አ. ዊንዶውስ 11ን ሲያወጣ ዝርዝሩን አሳጠረው። ቀሪው ከታች ‹ሾው ሞር ኦፕሽንስ› የሚለው ውስጥ ነው። ሁለት ጊዜ መጫኑ ከሰለቸዎት ሺፍትን ይዘው ራይት ክሊክ ያድርጉ፤ ሙሉው ዝርዝር ቀጥታ ይመጣል። ኮፒና ፔስትም የጠፉ ከመሰለዎት ዝርዝሩ ጫፍ ላይ በትንንሽ ምስል ተቀምጠዋል። የድሮውን ለዘለቄታው የሚመልስ የሬጅስትሪ (የዊንዶውስ የውስጥ ማስተካከያዎች መዝገብ) ለውጥ አለ፤ ኮምፒውተሩ የቢሮ ስለሆነ ግን ለአይቲ ክፍላችሁ ይንገሩ። እነሱ ያውቁበታል። ቢያንስ ማወቅ አለባቸው።

ጥያቄ፦ ፋይል ኤክስፕሎረርን ስከፍት ‹ሆም› የሚለው ነው የሚመጣው። እኔ የምፈልገው ድራይቮቹን ማየት ነው።

መልስ፦ ከላይ ሦስቱን ነጥቦች ይጫኑ፣ ‹ኦፕሽንስ› ውስጥ ይግቡ፣ ከመጀመሪያው ሳጥን ‹ዲስ ፒሲ›ን ይምረጡ። አለቀ።

ጥያቄ፦ ላፕቶፔን ለሰው ሳውስ ሰሞኑን የከፈትኳቸው ፋይሎች ፊት ለፊት ተደርድረው ይታያሉ። ያሳፍራል።

መልስ፦ ምን እንደከፈትክ አልጠይቅም። እዚያው ‹ኦፕሽንስ› ውስጥ ከታች ‹ፕራይቬሲ› የሚል ክፍል አለ። ምልክቶቹን አጥፋና ‹ክሊር› በል። የሚሰረዘው ዝርዝሩ ብቻ ነው፤ ፋይሎቹ በቦታቸው ይቆያሉ። ስለዚህ ፈልጎ ለሚያገኝ ሰው ምንም አልደበቅክም። ላፕቶፕህን ደጋግመህ የምታውስ ከሆነ ለሚዋሰው ሰው ሌላ የይለፍ ቃል ያለው አካውንት ክፈትለት።

ጥያቄ፦ የወንድሜ ልጅ ኮምፒውተሬን ነካክቶ ከሄደ በኋላ የፋይሎቼ ስም ሁሉ መጨረሻ ላይ ነጥብና የእንግሊዝኛ ፊደላት መጡበት። መልኩ ያስጠላል። እንዴት ላጥፋው?

መልስ፦ እንዳያጠፉት! የወንድምዎን ልጅ ቡና ይጋብዙልኝ። ሆን ብሎ አድርጎት ከሆነ ጎበዝ ነው፤ ሳያውቅ ከሆነም ውለታ ውሎልዎታል።

እነዚያ ፊደላት ኤክስቴንሽን ይባላሉ። ዊንዶውስ አንድን ፋይል በየትኛው ፕሮግራም እንደሚከፍተው የሚወስነው በእነሱ ነው። ፒዲኤፍ ካለ ሰነድ ነው። ጄፒጂ ካለ ፎቶ ነው። ኢኤክስኢ ካለ ግን ፕሮግራም ነው። ሁለት ጊዜ ሲጫኑት አይከፈትም፤ ይነሳል፣ ይሠራል። የፈለገውን።

ችግሩ እዚህ ጋ ነው። ፕሮግራም የራሱን ምስል ይዞ መምጣት ይችላል። ያ ምስል የቢጫ ፎልደር ሊሆን ይችላል። የፒዲኤፍም ሊሆን ይችላል። ኤክስቴንሽኑ ተደብቆ ሳለ እርስዎ የሚያዩት «ፎቶዎች» የሚል ፎልደር ነው። ኤክስቴንሽኑ ሲገለጥ ግን «ፎቶዎች» ከሚለው ቀጥሎ ነጥብና ኢኤክስኢ ቁጭ ብሎ ያገኙታል። ፎልደር ኤክስቴንሽን የለውም። ስለዚህ ያ ነገር ፎልደር አይደለም።

እኛ ዘንድ ደግሞ ፍላሽ ከእጅ እጅ ይዞራል። ፎቶ ኮፒ ቤት ገብቶ ይወጣል፣ ቢሮ ይሄዳል፣ ልጆች ትምህርት ቤት ይወስዱታል። በየደረሰበት አንድ ሰው ሳያስብ ሁለት ጊዜ ይጫናል። በፍላሽ የሚዛመቱ ብዙ ቫይረሶች የሚጠብቁት ይህንኑ ሁለት ጊዜ መጫን ብቻ ነው።

ነገሩ አዲስም አይደለም። በግንቦት 2000 እ.ኤ.አ. «አይ ላቭ ዩ» የተባለው ትል (ራሱን እያባዛ የሚዛመት ቫይረስ) ከፊሊፒንስ ተነስቶ በኢሜይል ዓለምን አዳረሰ። ሚሊዮኖች ኮምፒውተሮች ተበከሉ። የተያያዘው ፋይል የፍቅር ደብዳቤ ይላል፤ ስሙ በቲኤክስቲ የሚያበቃ፣ ተራ ጽሑፍ ይመስላል። ትክክለኛው መጨረሻ ግን ቪቢኤስ ነበር፤ የሚሠራ የትእዛዝ ጽሑፍ። ዊንዶውስ የመጨረሻዋን ቁራጭ ስለደበቃት ብዙ ሰው አላያትም። ከዚያ ወዲህ ስንት ዊንዶውስ ወጣ! ዛሬም አዲስ ኮምፒውተር ገዝተው ሲከፍቱ ኤክስቴንሽኑ ተደብቆ ነው የሚጠብቅዎት። ማክም አብዛኛውን ጊዜ ይደብቃል። ሊኑክስ ላይ ያሉት የፋይል ማስተዳደሪያዎች ስሙን እንዳለ ያሳያሉ። እኔ መስኮቱ ከማማሩ በፊት እውነቱን እንዲነግረኝ ነው የምፈልገው። ለዚህም ነው አንድ ሰው ኮምፒውተሩን እንዳስተካክልለት ሲሰጠኝ ከቀለም በፊት እዚህ የምገባው፦ ‹ቪው›፣ ከዚያ ‹ሾው›፣ ከዚያ ‹ፋይል ኔም ኤክስቴንሽንስ›። የወንድምዎ ልጅ የነካውም ይህንኑ ነው።

አንድ ቀዳዳ ይቀራል። ሾርትከት፣ ማለትም ወደ ሌላ ፋይል ወይም ፕሮግራም የሚወስድ አቋራጭ፣ ኤክስቴንሽን ሲገለጥም የራሱን አያሳይም፤ ዊንዶውስ ሁልጊዜ ይደብቀዋል። እሱን የሚያውቁት በምስሉ ጥግ ላይ ባለችው ትንሽ ቀስት ነው። የበለጠ አስተማማኙ ግን አቀማመጡን ‹ዲቴይልስ› አድርጎ ‹ታይፕ› የሚለውን ዓምድ ማየት ነው። እዚያ ‹ሾርትከት› ወይም ‹አፕሊኬሽን› ይላል። ፍላሽ ላይ የቤተሰብ ፎቶዎችዎ ‹አፕሊኬሽን› ከሆኑ፣ እጅዎን ከማውሱ ላይ ያንሱ።

ስም ሲቀይሩ መጨረሻውን እንዳያጠፉት ፈርተው ከሆነ ደግሞ ኤፍ2ን ይጠቀሙ። ስሙን ብቻ መርጦ ይሰጥዎታል።

ጥያቄ፦ ፍላሼ ባዶ ሆኖ ይታያል፤ ግን ሞልቷል ይላል። ውስጡ ሾርትከት ብቻ አለ። ጓደኛዬ ደግሞ የእሷን ስትሰካ «ፎርማት ያድርጉ» የሚል መጣባት። ሁለታችንም የመመረቂያ ጽሑፍ ነው ያለን።

መልስ፦ የእናንተ ሁለት የተለያየ ጉዳይ ነው፤ አታደባልቁት።

ያንተ ከላይ የተናገርኩት ዓይነት ቫይረስ ይመስላል። ፋይሎችህን አላጠፋቸውም፤ ደብቋቸው ሾርትከት አስቀምጧል። ሾርትከቶቹን አትንካ። መጀመሪያ በአንቲቫይረስ ፈትሸው። ከዚያ ‹ቪው›፣ ‹ሾው›፣ ‹ሂደን አይተምስ› በል። አሁንም ካልመጡ ‹ኦፕሽንስ› ውስጥ ‹ቪው› በሚለው ገጽ የተጠበቁ የሲስተም ፋይሎችን ደብቅ የሚለውን ምልክት ለጊዜው አንሳ፤ ዊንዶውስ ያስጠነቅቅሃል፣ እሺ በለው። ጽሑፍህን ብቻ ወደ ኮምፒውተርህ ኮፒ አድርግ። ስትጨርስ ምልክቱን መልስ።

የጓደኛህ ግን ከማስተካከያ ጋር አይገናኝም። ፎርማት እንዳታደርግ! ፍላሹን ትንቀለው፤ ከእንግዲህ ምንም አትጻፍበት። ከኢንተርኔት ያገኘችውን «ፋይል መላሽ» ፕሮግራምም ፍላሹ ላይ እንዳትጭን፤ በላዩ የሚጻፍ እያንዳንዱ ነገር የሚድነውን ይቀንሳል። የጠፋ ዳታ የማውጣት ሥራ የሚሠራ ባለሙያ ጋ ትውሰደው። ሰፈር ያለው ስልክ ጠጋኝ «አምጪው ልሞክረው» ቢላት እሺ እንዳትል። ይህን ስል ለወጉ ያህል አይደለም። ሃርድ ዲስክ ሆኖ ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ የሚያሰማም ካለ እንዲሁ፤ አጥፉት፣ ለባለሙያ ስጡት።

ጥያቄ፦ ሒሳብ ክፍል ነው የምሠራው። የየወሩን ፎልደር በአማርኛ ሰይሜ አስቀምጣለሁ። በስም ሲደረደር ግን ወራቱ ይተራመሱብኛል። ማስተካከያ አለው?

መልስ፦ መስኮቱ ላይ ማስተካከያ የለውም። ስሙ ላይ ግን አለው።

ኮምፒውተሩ የሚያውቀው የፊደል ገበታውን ቅደም ተከተል እንጂ የወራቱን አይደለም። ስለዚህ ሐምሌ አንደኛ ይወጣል። የበጀት ዓመቱ ከሐምሌ 1 ስለሚጀምር መጀመሪያ ላይ ሥራውን የሚያውቅ ይመስላል። ቀጥሎ ግን መስከረምን፣ መጋቢትንና ሚያዝያን ያመጣል። ጥርን ከጥቅምት ያስቀድማል። መድኃኒቱ ቁጥር ነው፦ «01-ሐምሌ»፣ «02-ነሐሴ» እያሉ ይቀጥሉ።

ከዚህ የከፋው የፊደል ልማዳችን ነው። እርስዎ «ሐምሌ» ብለው ያስቀመጡትን ባልደረባዎ «ሃምሌ» ብሎ ይፈልገዋል። አያገኘውም። ለእኛ አንድ ድምፅ ነው፤ ለኮምፒውተሩ ሁለት የተለያዩ ፊደላት ናቸው። ቢሮ ውስጥ አንድ አጻጻፍ ተስማሙ። የትኛውም ይሁን፤ ብቻ አንድ ይሁን።

እዝባር (/) ደግሞ አለች። ዊንዶውስ በፋይል ስም ውስጥ አይቀበላትም። ስለዚህ «ወ/ሮ»፣ «ት/ቤት»፣ «ገ/መድኅን» ብሎ መሰየም አይቻልም። ቀንንም በእዝባር መለየት እንዲሁ። ሰረዝ ይጠቀሙ።

ስለ ቀን ካነሳን፣ ‹ዴት ሞዲፋይድ› የሚለው ዓምድ የሚቆጥረው በአውሮፓ አቆጣጠር ነው። በእኛ ቀን መፈለግ ከፈለጉ ቀኑን ስሙ ውስጥ ያስገቡት፤ ዓመት፣ ወር፣ ቀን በሚል ቅደም ተከተል፣ «2017-03-12» እንደማለት። እንዲህ ሲሆን በስም ቢደረደርም ቅደም ተከተሉ አይዛባም። በየትኛው አቆጣጠር እንደሆነም ምልክት ያድርጉ። «2017 ደመወዝ» የሚል ፎልደር የእኛም የእነሱም ዓመት ሊሆን ይችላል፤ ኦዲተር ፊት ቆሞ ይህን ማብራራት ደስ አይልም። በነገራችን ላይ «ዓ.ም.» ብለው ሲጨርሱ ዊንዶውስ የመጨረሻዋን ነጥብ ይውጣታል። አትደንግጡ።

ጥያቄ፦ ዳውንሎድስ ፎልደሬ «ዛሬ»፣ «ትናንት»፣ «ባለፈው ሳምንት» እያለ ይከፋፍላል። ሌላ ፎልደር ደግሞ ለመክፈት ዘለዓለም ይፈጅበታል።

መልስ፦ ለመጀመሪያው፦ ባዶ ቦታ ላይ ራይት ክሊክ፣ ‹ግሩፕ ባይ›፣ ‹ነን›። ለሁለተኛው፦ ዊንዶውስ ፎልደሮችን በአምስት ዓይነት ይመድባል፤ አጠቃላይ፣ ሰነድ፣ ፎቶ፣ ሙዚቃ፣ ቪዲዮ። አንዱን ፎልደር ፎቶ ነው ብሎ ካሰበ የያንዳንዱን ፋይል ምስል ሊሠራ ይደክማል። ‹ፕሮፐርቲስ› ውስጥ ‹ከስተማይዝ› የሚለውን ክፈትና ‹ጀነራል አይተምስ› አድርገው። የወደድከውን አቀማመጥ ለሌሎቹም ማድረግ ከፈለግክ ‹አፕላይ ቱ ፎልደርስ› የሚል ቁልፍ አለ። የሚሠራው ግን ዓይነታቸው ተመሳሳይ ለሆኑት ብቻ ነው። ብዙ ሰው «አልሠራም» የሚለው ይህን ስለማያውቅ ነው።

ጥያቄ፦ ኡቡንቱ ጫንኩ። ሁለት ፎልደር ጎን ለጎን የሚያሳይ ነገር ፈልጌ አጣሁ። ድሮ ነበር ይላሉ።

መልስ፦ እውነታቸውን ነው። ኖቲለስ የሚባለው የጂኖም (የኡቡንቱ የመስኮት ገጽታ) ፋይል ማስተዳደሪያ ይህን ነበረው። በ2012 እ.ኤ.አ. በ3.6 እትሙ ላይ «እናቅልለው» ተብሎ ወጣ። የሊኑክስ ሚንት (እንደ ኡቡንቱ ሌላ የሊኑክስ ዓይነት) ሰዎች ተበሳጭተው የቀድሞውን ኮድ ወስደው ኔሞን ሠሩ። ስለዚህ ኔሞን ፈልገህ ጫን፤ ኤፍ3ን ስትነካ መስኮቱ ለሁለት ይከፈላል። ኬዲኢ የተባለው ሌላ የሊኑክስ ገጽታ ፋይል ማስተዳደሪያ፣ ዶልፊንም፣ በዚያው ቁልፍ ይከፈላል፤ በማስተካከያ ብዛት ደግሞ የሚወዳደረው ጥቂት ነው። ዊንዶውስ ተጠቃሚ ጓደኛ ካለህ ቶታል ኮማንደር ስለሚባለው የፋይል ማስተዳደሪያ ንገረው። ከ1993 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሁለት መስኮት ይሠራል። ፋይል ኤክስፕሎረር እኮ ታብ እንኳ ያገኘው በ2022 እ.ኤ.አ. ነው!

ጥያቄ፦ ፎልደሮቼን ሮዝ ማድረግ እፈልጋለሁ።

መልስ፦ ዊንዶውስ ምስሉን ከ‹ከስተማይዝ› እንድትቀይሪ እንጂ ቀለሙን እንድትቀቢ አይፈቅድም። ሊኑክስ ሚንት ላይ በራይት ክሊክ ይሆናል። «የፎልደር ቀለም በነፃ» ከሚሉ የማይታወቁ ድረ ገጾች ምንም እንዳትጭኚ፤ ከላይ ስለ ኢኤክስኢ ያልኩትን አንብቢ።

ጥያቄ፦ መስኮቱ ሙሉውን ስክሪን ያዘብኝ። መዝጊያውም፣ ከታች ያለው መስመርም የለም። ኮምፒውተሩን አጥፍቼ ማብራት ሰልችቶኛል።

መልስ፦ ኤፍ11ን አንዴ ይጫኑ። ላፕቶፕ ሆኖ ብቻውን ካልሠራ ኤፍኤን ከምትለው ቁልፍ ጋር።