ጥያቄና መልስ፦ ላቲን ሲያዝዝ

ጥያቄ፦ ግእዝ ከቅኔ ቤት ተምሬአለሁ። ዲልማን በ1865 (እ.ኤ.አ.) ያሳተመውን የግእዝና የላቲን መዝገበ ቃላት ለማንበብ ብዬ አሁን ላቲን በራሴ እያጠናሁ ነው። ትእዛዝ አንቀጹ ግን አስቸገረኝ። «ሞኔ» ለብዙ ሲሆን «ሞኔቴ» ካለ፣ «ሌጌ» ለምን «ሌጌቴ» አይልም? «ኮንፌር»ስ ከየትኛው ቤት (የግሥ ምድብ) ነው? (ከደብረ ማርቆስ)

መልስ፦ ቀተለ ቤት፣ ቀደሰ ቤት እያሉ ግሥ ያወረዱ ሰው ስለሆኑ ግማሹን መንገድ ሄደውታል። የላቲን ቤቶች አራት ናቸው፤ የሚለዩትም በንዑስ አንቀጻቸው ነው፦ አማሬ (መውደድ)፣ ሞኔሬ (መምከር)፣ ሌጌሬ (ማንበብ)፣ አውዲሬ (መስማት)። መጨረሻ ያለውን «ሬ» ሲጥሉት ለአንድ ሰው የሚሆነው ትእዛዝ ይቀራል፦ አማ፣ ሞኔ፣ ሌጌ፣ አውዲ። ለብዙ «ቴ» ይጨምሩበታል፦ አማቴ፣ ሞኔቴ፣ አውዲቴ። ሦስተኛው ቤት ብቻ ያፈነግጥና «ሌጊቴ» ይላል።

ምክንያቱ የድምፅ ርዝመት ነው። የሞኔሬ «ኔ» ረጅም በመሆኗ የትም ብትገባ አትለወጥም። የሌጌሬ «ጌ» አጭር ናት፤ ቃል መካከል ስትውል ወደ «ጊ» ትሳሳለች፤ ከ«ሬ» ፊት ብቻ እንዳለች ትቆያለች። ፊደላችን ርዝመትን ስለማያሳይ፣ በግእዝ ፊደል ማስታወሻ የያዘ ሰው ሁለቱን ቤቶች መቀላቀሉ አይቀርም። ስለዚህ መዝገበ ቃላቱ አስቀድሞ የሚሰጠውን የ«እኔ» መደብ ይመልከቱ፤ «ሞኔኦ» ካለ ሁለተኛ ቤት፣ «ሌጎ» ካለ ሦስተኛ ነው። ይህም ብቻውን አይበቃም። «ካፒዮ» (እይዛለሁ) «አውዲዮ»ን ቢመስልም ንዑስ አንቀጹ «ካፔሬ» ስለሆነ የሚወርደው ካፔ፣ ካፒቴ እያለ ነው። ግሥ ሲይዙ ሁለቱንም ቅርጾች አብረው በቃል ያጥኑ።

ወደ «ኮንፌር» ስንመጣ፣ መጨረሻቸው ላይ «ኤ» የሌላቸው አራት ግሦች አሉ፦ ዲክ (ተናገር)፣ ዱክ (ምራ)፣ ፋክ (አድርግ)፣ ፌር (ተሸከም)። ለብዙ ዲኪቴ፣ ዱኪቴ፣ ፋኪቴ ይላሉ፤ ፌር ግን «ፌርቴ» ነው። «ኮንፌር» የፌር ልጅ ሲሆን «አነጻጽር» ማለት ነው፤ በመዝገበ ቃላት ውስጥ በሁለት ፊደል አጥሮ በየገጹ የሚያገኙት እሱ ነው። አጠገቡ የሚውለው «ዊዴ» (ተመልከት፤ በቤተ ክርስቲያን ንባብ «ቪዴ») ከሁለተኛው ቤት ነው፤ ምንም አያስቸግርም።

አንድ ወጥመድ ቀርቷል። ማቴዎስ 19፥21 ላይ «ዌኒ፣ ሴኴሬ ሜ» (ና፣ ተከተለኝ) የሚለውን ሲያነቡ «ሬ»ን አይተው ንዑስ አንቀጽ ነው እንዳይሉ። ቅርጹ ተደራጊ፣ ትርጉሙ አድራጊ የሆነ ግሥ ትእዛዙ እንዲህ ነው፤ ለብዙ «ሴኲሚኒ» ይሆናል፤ ንዑስ አንቀጹ «ሴኲ» ነው።

ጾታው ግን ያሳርፍዎታል። ግእዝ ቅትል፣ ቅትሊ፣ ቅትሉ፣ ቅትላ ብሎ አራት ሲያወርድ ላቲን በሁለት ይጨርሳል፤ «አማ» ለወንድም ለሴትም ነው።

ጥያቄ፦ «አትፍራ» እንዴት ይባላል? ትልቅ ሰውንስ በአክብሮት «ይቀመጡ» ለማለት? (ከቢቸና)

መልስ፦ «ኖን» የሚለውን አፍራሽ ቃል ትእዛዙ ላይ መለጠፍ የተለመደ ስሕተት ነው። እኛም «ሂድ»ን ስናፈርስ «አትሂድ» እንላለን እንጂ «አል-ሂድ» አንልም። ላቲን «ኖሊ» (ለብዙ «ኖሊቴ») ብሎ ንዑስ አንቀጽ ያስከትላል፦ «ኖሊ ቲሜሬ»፣ በጥሬው «መፍራትን አትሻ»። በላቲኑ ወንጌል ሉቃስ 2፥10 መልአኩ ለእረኞች «ኖሊቴ ቲሜሬ» ይላቸዋል። 1፥30 ላይ ግን ለእመቤታችን «ኔ ቲሜአስ፣ ማሪያ» ነው የሚላት፤ እዚያ ግሡ የዘንድ አንቀጽ («ትፈሪ ዘንድ» እንደሚለው ያለ) ነው። ግእዙ በሁለቱም ቦታ አንድ መንገድ ይከተላል፦ ኢትፍርሁ፣ ኢትፍርሂ።

«እርስዎ» የሚሉት ነገር የጥንቱ ላቲን አያውቅም፤ ንጉሠ ነገሥቱም «አንተ» ነው የሚባለው። አክብሮቱ የሚገባው በሌላ ቃል ነው፦ «ሴዴ፣ ኳይሶ፣ ፓቴር» (አባቴ፣ እባክህ ተቀመጥ)። ስም ሲጠሩም «ኡስ» የሚጨርሰው ወደ «ኤ» ይዞራል፤ ማርኩስን «ማርኬ» ብለው ይጠሩታል። «ኢዩስ» የሚጨርስ የሰው ስም በ«ኢ» ብቻ ይቀራል፤ ዩሊዩስ «ዩሊ» ይባላል።