ለጠፈር ተቋም የሚስል ሠዓሊ ሥራው ምንድን ነው? አዲስ አበባ ተቀምጦስ ከየት ይጀመራል?

ሰላም እህቴ። ጥያቄሽ በአጭሩ ይህ ነው፦ በሥዕል ተመርቀሽ ፒያሳ ስቱዲዮ ይዘሽ ትሠሪያለሽ፤ እንደ ናሳ ላሉ የጠፈር ተቋማት የሚስሉ ሠዓሊዎች እንዳሉ ሰምተሽ ሥራው ምን እንደሆነ፣ እንዴት እንደሚገባበትና ፖርትፎሊዮ (የሥራ ማሳያ ስብስብ) ውስጥ ምን እንደሚቀመጥ ጠይቀሻል። ከመለሱልሽ አንዱ «ይሄ ለፈረንጅ እንጂ ለእኛ አይሆንም» ብሏል። ግማሹ እውነት ነው። ግማሹ ግን ሥራውን ካለማወቅ የመጣ ስለሆነ ረዘም አድርጌ ልመልስ።

መጀመሪያ ስለ ገንዘቡ። ናሳ የሥዕል ፕሮግራሙን የጀመረው በ1962 ነው (ዓመቶቹን በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። ሐሳቡ የዋና አስተዳዳሪው የጄምስ ዌብ ሲሆን፣ ፕሮግራሙን የመራው ራሱ ሠዓሊ የሆነው ጄምስ ዲን ነበር። በ1963 የጠፈርተኛውን የጎርደን ኩፐርን በረራ እንዲስሉ የመጀመሪያዎቹ ሠዓሊዎች ሲላኩ የተከፈላቸው 800 ዶላር ነበር። ደመወዝ ሳይሆን የምስጋና ክፍያ መሆኑ ነው። ታዋቂዎቹ አሜሪካውያን ሠዓሊዎች ኖርማን ሮክዌልና ሮበርት ራውሸንበርግም ለናሳ ሲስሉ ኑሯቸው የቆመው በሌላ ሥራ ላይ ነበር። ጠፈርን የዕድሜ ልክ ሙያቸው ካደረጉት አንዱ ሮበርት ማኮል ነው፤ ዋሽንግተን በሚገኘው የአየርና የጠፈር ሙዚየም ያለውን ግዙፍ የግድግዳ ሥዕል በ1976 ሠርቷል፣ የአፖሎ 17ን ዓርማም የነደፈው እሱ ነው። እሱም ቢሆን ለመጽሔት፣ ለኩባንያና ለፖስታ ቴምብር እየሠራ ነው ሙያውን ያቆየው።

ዛሬ ከዚህ የሚበዛው ሥራ ሌላ ነው። ሳይንቲስቶች አንድ ነገር ሲያገኙ ፎቶ የለውም፤ ቁጥር ብቻ ነው ያለው። በ2017 የሩቁ ኮከብ የትራፒስት-1 ሰባት ፕላኔቶች ይፋ ሲሆኑ ዓለም ያየው ምስል ሠዓሊዎቹ ሮበርት ኸርትና ቲም ፓይል ከቁጥሩ ተነስተው የሠሩት ነው፤ የፕላኔቶቹን ገጽ ያየ ቴሌስኮፕ የለም። አብዛኛው እንዲህ ያለ ሥራ አሁን በኮምፒውተር ይሠራል። በሸራ የሚሠራው ለሙዚየም፣ ለፕላኔታሪየም፣ ለሰብሳቢዎችና ለልዩ ትእዛዝ ነው።

እውነት የሆነው ግማሽ ይኸውልሽ። የናሳ ቋሚ ሠራተኛ ለመሆን የአሜሪካ ዜግነት ይጠየቃል፤ የአውሮፓው የጠፈር ተቋምም የአባል አገሮቹን ዜጎች ነው የሚቀጥረው። ስለዚህ የቅጥር ማመልከቻ ላይ ጊዜሽን አታባክኚ። የሚያዋጣው የትእዛዝ ሥራ ነው። ምርምሩን የሚያሳትም ሳይንቲስት ምስል ይፈልጋል፣ ዜግነትሽንም አይጠይቅም። እዚሁ ከተማችን አራት ኪሎ የሳይንስ ፋኩልቲ አለ፤ እንጦጦ ላይ 3,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የቆመ የሥነ ፈለክ መመልከቻ አለ፤ የስፔስ ሳይንስና ጂኦስፓሻል ኢንስቲትዩት አለ። ዓለም አቀፍ የሥነ ፈለክ ሠዓሊዎች ማኅበርም ከየትኛውም አገር አባል ይቀበላል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። በዚህ ሙያ ሥዕል የሚወድቀው በሁለት ነገር ነው፦ በመጠንና በብርሃን። ሥራሽን የሚያየው ሳይንቲስት የብሩሽ አጣጣልሽን ከማየቱ በፊት ፀሐይዋ የት እንዳለችና ያ አካል ከዚያ ርቀት ያን ያህል ሊታይ ይችል እንደሆነ ነው የሚመለከተው።

ለመጠን አንድ ስሌት ይበቃሻል። የአካሉን ስፋት ለርቀቱ አካፍዪና በ57.3 አባዢው፤ በሰማይ ላይ የሚይዘውን ዲግሪ ይሰጥሻል። (አካሉ በጣም ቅርብ ሲሆን ስሌቱ ትንሽ ይስታል።) ከዚያ የሸራሽን እይታ ወስኚ። 100 በ70 ሴ.ሜ. ሸራ ወርዱ 60 ዲግሪ እንዲያሳይ ካደረግሽ መሃሉ ላይ 1 ዲግሪ 1.5 ሴ.ሜ. ይሆናል፤ የተመልካቹም ትክክለኛ መቆሚያ ከሸራው 87 ሴ.ሜ. ርቀት ላይ ነው። አሁን ጨረቃ ላይ ቆመሽ መሬትን ሳያት። የመሬት ስፋት 12,742 ኪ.ሜ. ሲካፈል ለርቀቷ ለ384,400 ኪ.ሜ.፣ ሲባዛ በ57.3፣ 1.9 ዲግሪ። በሸራሽ ላይ 3 ሴ.ሜ. እንኳ አትሞላም! ጀማሪ ሁሉ እንደ ምጣድ አድርጎ የሚስላት ይህቺን ነው። «ከጨረቃ ዙሪያ በተነሳው የአፖሎ 8 ፎቶ ላይ ትልቅ ናት» ትይኝ ይሆናል፤ ያ ፎቶ በ250 ሚሊሜትር ሌንስ የተነሳ ነው። ትልቅ ማድረግ ከፈለግሽ እይታሽን ወደ 15 ዲግሪ አጥብቢ፤ ያኔ ግን ፊት ለፊት ያለው ድንጋይና ጠፈርተኛም ከሩቅ ተጎትቶ እንደመጣ መታየት አለበት። ሁለቱን ማደባለቅ ነው ስህተቱ።

ለፖርትፎሊዮሽ የመጀመሪያ ሥራ የምመክርሽ የራሳችንን ሳተላይት ነው። ኢቲአርኤስኤስ-1 ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. በእኛ አቆጣጠር ከቻይና የመጠቀች፣ 70 ኪሎ ያህል የምትመዝን የምድር ምልከታ ሳተላይት ናት። ምሕዋሯን 620 ኪ.ሜ. ብለሽ ያዢ። ከአዲስ አበባ በላይ ሆነሽ ወደ ሰሜን እያየሽ ነው እንበል። አድማሱ ከዓይንሽ ደረጃ 24 ዲግሪ ዝቅ ብሎ፣ 2,900 ኪ.ሜ. ገደማ ርቆ ይታያል፤ ካይሮ አድማሱ አጠገብ ናት። አድማሱን ከሸራው ላይኛ ጠርዝ 20 ሴ.ሜ. ዝቅ አድርገሽ ብታሰምሪ የሸራው ታችኛ ጠርዝ መቀሌ አካባቢ ይውላል። ቀይ ባሕር በስተቀኝ፣ የሱዳን ሜዳና ዓባይ በስተግራ ይሆናሉ።

የአድማሱ ቅስት ላይ ተጠንቀቂ። ብዙ ሰው ግማሽ ኳስ ይስላል። ከዚያ ከፍታ በ60 ዲግሪ እይታ አድማሱ ከመሃል ወደ ሁለቱ ዳር የሚወርደው 6 ሴ.ሜ. ያህል ብቻ ነው። ለማስመር ሸራውን መሬት ላይ አስተኚው፤ በሸራው መሃል ትይዩ ከአድማሱ መስመር 2 ሜትር ከ10 ገደማ ወደ ታች ሚስማር ምቺ፤ የማይለጠጥ ሲባጎ እሰሪና እርሳሱን በእሱ አዙሪ። ሲባጎው ከተለጠጠ ቅስቱ አንድ ዳር ላይ ይሰበራል፣ ስለዚህ ቀጭን ሽቦ ይሻላል።

ከዚያ ከባቢ አየሩ። ከአድማሱ በላይ ያለችው ሰማያዊ መስመር የሥዕሉ ነፍስ ናት፤ ብዙ ሥራም የሚበላሸው እሷ ላይ ነው። 100 ኪ.ሜ. ውፍረት በዚያ ርቀት 2 ዲግሪ፣ ማለትም 3 ሴ.ሜ. ነው። ደምቆ የሚታየው ግን የታችኛው ግማሽ ስለሆነ ከነጭማ ሰማያዊ ተነስቶ በኮባልት፣ በኡልትራማሪን ሰማያዊ አልፎ ጥቁር እስኪሆን ያለሽ ቦታ 1.5 ሴ.ሜ. ገደማ ብቻ ነው። 8 ሴ.ሜ. የሚያበራ ጭጋግ ከሳልሽ ከ260 ኪ.ሜ. በላይ የሚወፍር አየር ሣልሽ ማለት ነው። በዚህች ጠባብ ቦታ እርጥብ በእርጥብ ለማዋሃድ አትታገዪ። አንድ እጅ ቀለም በስድስት እጅ ግሌዝ ሚዲየም (ቀለም ማሳሻ ፈሳሽ) አቅጥነሽ፣ በለስላሳ ጠፍጣፋ ብሩሽ ቅስቱን ተከትለሽ፣ እያንዳንዱን ድርብ እያደረቅሽ አምስት ስድስት ጊዜ ደራርቢ። ብሩሹ ወደ ላይና ወደ ታች ከሄደ ጭረት ያወጣል።

ሳተላይቷ ራሷ ሕግ አላት፦ ካሜራዋ ወደ ምድር፣ የፀሐይ ሰሌዳዎቿ ወደ ፀሐይ። ሰሌዳው እንዲያምር ብሎ ወደ ተመልካቹ ማዞር የተለመደ ስህተት ነው። እንደ ወርቅ የሚያብረቀርቀውን መሸፈኛ በወርቅማ ቀለም አትቀቢ፤ ፎቶ ሲነሳ ግራጫ ሆኖ ይወጣል። ኦከር (የአፈር ቢጫ)፣ በርንት ሲዬና (ቀይማ ቡኒ)፣ በጣም ቀጭንና ስለታም የነጭ ነጠብጣብ፣ ወደ ምድር በዞረው እጥፋት ደግሞ ሰማያዊ ነጸብራቅ ይበቃል። ጥላው ጠርዙ የተቆረጠ ይሁን። ከምድር የሚመለሰው ሰማያዊ ብርሃን ካልገባ በቀር ጥላው ውስጥ የሚያለሰልስ ነገር የለም።

የጨረቃን ብርሃን ለመልመድ ደግሞ ሲሚንቶ ትሪ ላይ 3 ሴ.ሜ. ያህል አንጥፊ፣ ትንንሽ ጠጠር ከአንድ ሜትር ከፍታ ጣዪበት፣ ክፍሉን አጨልመሽ ጥቁር ጨርቅ ዙሪያውን ጋርጂና አንድ አምፖል ብቻ ከጎን ዝቅ አድርገሽ አብሪ። (አፍና አፍንጫሽን ሸፍኚ፣ ብናኙ ለሳንባ መጥፎ ነው።) ግድግዳው ነጭ ሆኖ ከተተወ ብርሃን መልሶ ጥላውን ያሳሳዋል፤ ጨረቃ ላይ ያ የለም። የጨረቃ አፈር ነጭ ሳይሆን እንደ አሮጌ አስፋልት ጥቁር መሆኑንም አትርሺ። ተራራዎቿም የተሾሉ አይደሉም፤ ከአፖሎ በፊት የነበሩ ሠዓሊዎች እንደ መርፌ አሹለው ስለዋቸዋል፣ ፎቶው ሲመጣ ግን ድብልብል ሆነው ተገኙ። ጨረቃን የረገጠው አለን ቢን በኋላ ሠዓሊ ሲሆን የሸራውን መደብ በጨረቃ ጫማ አምሳያና በመዶሻ እየረገጠና እየቀጠቀጠ ነበር የሚያዘጋጀው። ያን ሸካራነት በሞዴሊንግ ፔስት (ወፍራም የመደብ ሊጥ) መሞከር ትችያለሽ።

ማርስን ከሳልሽ ቀን ሰማዩ ደብዛዛ ቡኒ፣ ፀሐይ ስትጠልቅ ደግሞ ዙሪያዋ ሰማያዊ ነው፤ ሰው ሁሉ ገልብጦ ይስለዋል። አፋር ለዚህ ሙያ ትልቅ ሀብት ነው። የኤርታ አሌ ዙሪያ ጥቁር ድንጋይ ለጨረቃና ለማርስ ሜዳ ይሆናል። የዳሎል ቢጫና አረንጓዴ ግን ማርስ አይደለም፣ ለጁፒተር ጨረቃ ለአዮ ነው የሚቀርበው።

ኮከብ በጥርስ ብሩሽ መርጨት እኩል የሆነ የዱቄት ብናኝ ያደርገዋል። በ60 ዲግሪ እይታ በዓይን የሚታየው 350 ገደማ ኮከብ ነው፦ አንድ ወይም ሁለት ደማቅ፣ አሥር የሚሆኑ መካከለኛ፣ የቀሩት ሁሉ ነጥብ። ደማቆቹን በእጅሽ ዜሮ ቁጥር ብሩሽ አስቀምጪ። ፀሐይ ያረፈበት ሳተላይት ባለበት ሥዕል ላይ ግን ካሜራ ኮከብ አያሳይም፤ ጥቂት ማስገባት የሠዓሊ ምርጫ ነው፣ ምርጫ መሆኑን እያወቅሽ አድርጊው።

ስለ ቀለሙ ትንሽ። ጥቁሩን ከቱቦ አታውጪ፤ ሁለት እጅ ኡልትራማሪን ከአንድ እጅ በርንት አምበር (ጥቁር ቡኒ) ጋር ጥልቀት ያለው ጨለማ ይሰጣል። በበጋ የአዲስ አበባ አየር ደረቅ ስለሆነ አክሪሊክ ፓሌት ላይ በደቂቃዎች ይይዛል። መድረቁን የሚያዘገይ ፈሳሽ (ማዘግያ) ሲጨመር ከቀለሙ 15 በመቶ አይለፍ፣ ካለፈ ለቀናት እየተጣበቀ አቧራ ይሰበስባል። ሲደርቅ እንደሚጠቁርም ቆጥረሽ ቁራጭ ሸራ ላይ ሞክሪ። መደቡን በግድግዳ ቀለም የሚያዘጋጁ አሉ፤ ተወጥሮ ግድግዳ ላይ ሲሰቀል ችግሩ አይታይም፣ ለመላክ ሲጠቀለል ግን ይሰነጠቃል። አቡጀዲም ቢሆን ሦስት ድርብ ትክክለኛ ጌሶ (የሸራ መደብ ቀለም)፣ በየመሃሉ በ220 ቁጥር የብርጭቆ ወረቀት ማሻሸት ይፈልጋል። የሸራው ድርና ማግ ከታየ ሩቅ ያለችው ፕላኔት ጨርቅ ትመስላለች።

ቫርኒሽ ከመቀባትሽ በፊት ፎቶ አንሺው። ሁለት መብራት በግራና በቀኝ በ45 ዲግሪ፣ ከኋላሽ ያለው መስኮት ጥቁር ጨርቅ የተጋረደበት። 100 በ70 ሥራ በ300 ዲፒአይ (በኢንች 300 ነጥብ) 11,811 በ8,268 ፒክስል ስለሚሆን በተለመደ ካሜራ በአንድ ፎቶ አይገኝም፤ ከስድስት እስከ ስምንት ቦታ እያደራረብሽ አንሺና አጋጥሚው። ለጨለማ ሥዕል አንጸባራቂ ቫርኒሽ ምረጪ። የደበዘዘው ዓይነት ጥቁሩን ወደ አመድነት ይመልሰዋል።

ለሳይንቲስት ስታሳዪ የተጠናቀቀ ሥዕል ይዘሽ አትሂጂ። መጀመሪያ ሦስት ትንንሽ የእርሳስ ንድፍ፣ ከዚያ አንድ ግራጫ የብርሃን ጥናት ያዢና ሦስት ነገር ጠይቂ፦ ፀሐይ በየት በኩል ናት? የተለካው ምንድን ነው? የተገመተውስ? እርማቱን እዚያው ንድፉ ላይ በእጁ እንዲያሰምርበት አድርጊ። የፀሐይ አቅጣጫ ቀለም ካለቀ በኋላ ከተቀየረ ሥዕሉን እንደ አዲስ መጀመር ነው።

ውልሽ ላይ የሥዕሉ ባለቤትነትና የማሳተም መብት በተለያየ አንቀጽ ይጻፍ። ተቋማት ብዙ ጊዜ የሚፈልጉት የማሳተሙን ነው፣ ዋናው ሸራ አንቺ ጋ ሊቀር ይችላል። ነጻ ማስተካከያው ሁለት ዙር ብቻ ይሁን፣ ቅድሚያ ክፍያ ሳትቀበዪም ቀለም አትክፈቺ። የናሳን ፎቶዎች እንደ ማጣቀሻ መጠቀም በአብዛኛው ይፈቀዳል፤ ዓርማውን ያለ ናሳ ፈቃድ ለሽያጭ ሥራ መጠቀም ግን አይፈቀድም፣ ናሳ ያዘዛቸው ሥዕሎችም የሠዓሊው መብት ሊኖርባቸው ስለሚችል አትገልብጪ።

ሸራ ወደ ውጭ ስትልኪ ቀለሙ ወደ ውጭ ዞሮ፣ ቢያንስ 15 ሴ.ሜ. ውፍረት ባለው ቱቦ ላይ ይጠቅለል። አክሪሊክ ላይ ፕላስቲክ አታሳርፊ፣ በሙቀት ይጣበቃል፤ የኬክ መጋገሪያ ወረቀት ይሻላል። የግራጫ ጥናቱን ስትጨርሺ እዚሁ ለጥፊው፣ የአድማሱንና የጥላውን ልክ አብረን እናየዋለን።