መልስ፦ ፕሎተሩ በግራ በኩል እየቆረጠ በቀኝ በኩል ለምን ይስታል?

ፕሎተርዎ (በኮምፒውተር የሚታዘዘው የስቲከር መቁረጫ ማሽን) ስቲከሩን በግራ በኩል አጥርቶ እየቆረጠ በቀኝ በኩል ግን ፊደሎቹ ለምን እንደማይላቀቁ ጠይቀዋል። ግፊቱን ከመጨመርዎ በፊት በማሽኑ ወርድ ከዳር እስከ ዳር ትንንሽ አራት ማዕዘኖችን በእኩል ግፊት አስቆርጠው ይላጧቸው። ጉድለቱ ሁልጊዜ አንድ ቦታ ላይ ከታየ፣ አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ የምላጩ ሳይሆን ከምላጩ ሥር በማሽኑ ወርድ የተለጠፈው የመቁረጫ ንጣፍ ነው፤ ጥፍርዎን በላዩ ሲያስኬዱ የሚይዝ ቦይ ካገኙ፣ ስቲከሩ እዚያ ላይ ደጋፊ አጥቶ ስለሚሰረጉድ ንጣፉን መቀየር ይኖርብዎታል።

ጉድለቱ ቦታውን የሚቀያይር ከሆነ ግን የምላጩን መያዣ ፈትተው ያጽዱ፤ የሙጫና የስቲከር ብናኝ ምላጩ እንደ ልብ እንዳይዞር ያግደዋል፣ ማዕዘኖችም ይበላሻሉ። የምላጩን ጫፍ አብዝቶ ማውጣት በጣም የተለመደ ስሕተት ይመስለኛል፤ የማስታወቂያ ስቲከር ያለጀርባ ወረቀቱ በአብዛኛው ከ0.1 ሚሊሜትር የማይበልጥ በመሆኑ፣ ጫፉ ወረቀቱን በስሱ ቢጭር ይበቃል። ሁለቱ ዳር ያሉት ሮለሮች እኩል መጫናቸውንም ይመልከቱ።

በጅማ ክረምት ደግሞ የጀርባ ወረቀቱ እርጥበት ስቦ ሊንሻፈፍ ስለሚችል፣ ጥቅሉን በፕላስቲክ ሸፍነው ከወለል ከፍ አድርገው ያስቀምጡ፤ በተንሻፈፈ ስቲከር ላይ የሚደረግ ሙከራ ስለ ማሽኑ የሚነግርዎት ነገር አይኖርም።