ሌሊቱን ነቅቶ ለሚያድር ወላጅ ምን ይነበብ? ጥያቄና መልስ

ለብዙ ዓመታት በቤተ መጻሕፍት ሠርቻለሁ፤ ሁለት ልጆችም አሳድጌአለሁ። አራስ ልጅ ያላችሁ አንባቢዎች የጠየቃችሁኝን ከመልሴ ጋር አቅርቤዋለሁ።

ጥያቄ፦ ልጄ ሦስት ሳምንቷ ነው። ድሮ በሳምንት አንድ መጽሐፍ እጨርስ ነበር፤ አሁን አንዱን ገጽ አራት ጊዜ አንብቤ ምንም አልያዝኩም። አእምሮዬ ምን ሆነ?

መልስ፦ እህቴ፣ እንቅልፍ አጥቷል እንጂ ምንም አልሆነም። አራስ ልጅ በ24 ሰዓት ውስጥ ከ8 እስከ 12 ጊዜ ይጠባል፤ እንቅልፍሽም እንደዚያው ይቆራረጣል። የተቆራረጠ እንቅልፍ ትኩረትን ያደክማል፤ አሁን ያነበቡትን ለጥቂት ደቂቃ ይዞ ማቆየትም ያስቸግራል። ከሃያ ገጽ በፊት በሩን ያንኳኳው ማን እንደ ነበር ብትረሺ አይግረምሽ። የቋንቋ ጣዕም ግን አይጠፋም፤ ዓይንሽ እየተከደነም ቢሆን ያማረ ዓረፍተ ነገር ማማሩ ይሰማሻል። «ደክሞኛል፣ ተራ ነገር ስጪኝ» ለሚሉኝ ወላጆች ተራ መጽሐፍ ሰጥቼ የማላውቀው ለዚህ ነው። ያለችሽ ዐሥር ደቂቃ ብቻ ከሆነች በደንብ የተጻፈ ይገባታል።

ጥያቄ፦ ታዲያ ቀላል የሚሉት የትኛውን ነው?

መልስ፦ ሰዎቹ ጥቂት የሆኑትን፣ ከአንድ ቦታ ብዙ የማይርቀውን፣ ጊዜው ወዲያና ወዲህ የማይዘለውን። እ.ኤ.አ. በ1952 የታተመው የሄሚንግዌይ «ሽማግሌው እና ባሕሩ» አንድ ሽማግሌ፣ አንድ ጀልባና አንድ ትልቅ ዓሣ ነው። ልጅሽን አጥብተሽ፣ አስተኝተሽ ብትመለሺ ሽማግሌው አሁንም ገመዱን እንደ ያዘ ነው። «ትንሹ ልዑል» 27 አጫጭር ምዕራፎች አሉት፤ ልዑሉ ምድር እስኪደርስ ድረስ የሚጎበኛቸው ፕላኔቶች እያንዳንዳቸው አንድ ነዋሪ ብቻ ስላላቸው ማንም ከማንም አይምታታብሽም።

እንግሊዝኛ ለማይከብዳችሁ ግን ከሁሉ የማስቀድመው የቶቬ ያንሰንን «የበጋ መጽሐፍ» ነው። አንዲት አያትና ሶፊያ የምትባል የልጅ ልጇ በትንሽ ደሴት ላይ በጋውን ያሳልፋሉ። ሲጀምር አሮጊቷ የጠፉባትን ሰው ሠራሽ ጥርሶች ትፈልጋለች፤ ትልቅ ነገር የለም። ምዕራፎቹ ለየብቻቸው ስለሚቆሙ ከየትኛውም ብትጀምሩ ያስገቧችኋል። እኔ ሁለተኛ ልጄን እያጠባሁ፣ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ አንድ ምዕራፍ አንብቤ መብራቱን አጠፋ ነበር። ያ መጽሐፍ ብቻዬን እንዳልሆንኩ እንዲሰማኝ አድርጎኛል።

ጥያቄ፦ የወንጀል ምርመራ ልብ ወለድ እወዳለሁ። ልቀጥል?

መልስ፦ ያነበብሽውን መልሰሽ አንብቢ። አዲስ ከሆነ የተጠርጣሪዎቹን ስም በዕልባትሽ ላይ ጻፊ፤ አለዚያ ገዳዩ ሲገለጥ «ይሄ ደግሞ ማነው?» ማለትሽ አይቀርም።

ጥያቄ፦ አባት ነኝ። ልጃችን ደረቴ ላይ ካልሆነ አይተኛም፤ የቀረኝ አንድ እጅ ነው።

መልስ፦ ወንድሜ፣ በኪስ የሚገባ፣ ሽፋኑ ለስላሳና ቀለል ያለ መጽሐፍ ያዝ። አውራ ጣትህን መካከል ላይ፣ ሌሎቹን ከጀርባ አድርገህ ስትይዘው ገጹን በአውራ ጣትህ ጫፍ መግፋት ይለመዳል። ጠንካራ ሽፋን ያለው ግን ከእጅህ ሲያመልጥ ሕፃኑ ላይ ነው የሚያርፈው። ኤሌክትሮኒክ ማንበቢያም ጥሩ ነው፤ ብርሃኑን ዝቅ አድርገው። አንድ ነገር ግን አደራ፦ ሶፋ ላይ ሕፃን አቅፎ እንቅልፍ መውሰድ ለሕፃኑ ሕይወት አደገኛ ነው። ፊደሉ መደብዘዝ ሲጀምር መጽሐፉን ጣልና ልጁን በራሱ አልጋ በጀርባው አስተኛው። ቢያለቅስም ይሻላል።

ጥያቄ፦ ማዳመጥ እንደ ማንበብ ይቆጠራል?

መልስ፦ በደንብ! የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» ለደከመ ዓይን ረጅም ነው፤ በወጋየሁ ንጋቱ ትረካ ሲሰማ ግን ሰዎቹን ድምፁ ራሱ ይለይልሻል። በአንድ ጆሮሽ ብቻ አድምጪ፤ ሌላውን ለልጅሽ ተዪው።

ጥያቄ፦ ለአራስ ልጅ ድምፅ አውጥቶ ማንበብ ትርጉም አለው?

መልስ፦ አለው። ድምፅሽን ገና በማሕፀን ሳለች ለምዳዋለች። የምታነቢው የራስሽን መጽሐፍ ቢሆንም ግድ የላትም። ግጥም ከሆነ ደግሞ ሁለታችሁም ትጠቀማላችሁ፦ አንዱ ገጽ በአንድ ትንፋሽ ያልቃል።

ጥያቄ፦ በመጽሐፍ ውስጥ ልጅ ሲታመም እንኳ አለቅሳለሁ። ጤነኛ ነኝ?

መልስ፦ ብዙ እናቶች እንዲህ ይሆናሉ፤ እኔም ሆኛለሁ። እንዲህ ያለውን መጽሐፍ ያለ ጸጸት ዝጊው። «የበጋ መጽሐፍ»ንም ስመክር የሶፊያ እናት መሞቷ በአንድ ዓረፍተ ነገር እንደሚነሣ አስቀድሜ እናገራለሁ። ኀዘኑ ከመጽሐፉ ውጭም ከተከተለሽና ከሁለት ሳምንት ካለፈ ግን ሐኪም ዘንድ ሂጂ፤ የሚታከም ነገር ነው።

ጥያቄ፦ ከመውለዴ በፊት የጀመርኩት ትልቅ ልብ ወለድ አልጋዬ አጠገብ ተቀምጧል። ባየሁት ቁጥር የወቀሰኝ ይመስለኛል።

መልስ፦ ዛሬውኑ ከዚያ አንሺው። እኔ የመጀመሪያ ልጄ ስትወለድ ያቋረጥኩትን መጽሐፍ መልሼ የከፈትኩት እሷ ትምህርት ቤት ከገባች በኋላ ነው። ዕልባቱ ገጽ 112 ላይ ነበር። አወጣሁትና ከገጽ አንድ ጀመርኩ።