ለአዳማ ወጣቶች፦ ፕላኔት ፍለጋን ከትንሿ ኮከብ ጀምሩ

ልጆቼ፣ በሌላ ኮከብ ዙሪያ የምትዞር ፕላኔት ስትፈልጉ ደማቋ ኮከብ አታጓጓችሁ። ፍለጋው ፕላኔቷ ከፊት ስታልፍ የኮከቧ ብርሃን ሲቀንስ ማየት ነው። ፀሐይን የእንጀራ ምጣድ ብናደርጋት ምድር አንዲት ፍሬ ምስር ናት፤ ከፊቷ ስታልፍ የምትጋርደው ከብርሃኗ ከ12 ሺህ አንድ እጁን ብቻ ነው። ያችኑ ምስር በስኒ ማስቀመጫ ላይ አድርጓት። ስፋቷ የፀሐይን አንድ አምስተኛ በማይሞላ ቀይ ድንክ ኮከብ ፊት የምትጋርደው 28 ጊዜ ያህል ይበልጣል። እነዚህን ኮከቦች በአዳማ መብራት መሃል ቀርቶ በዝዋይ ዳር ጨለማም በዓይን አታዩአቸውም።

ቴሌስኮፕ ግዙ አልላችሁም። በ2018 እ.ኤ.አ. የመጠቀችው ቴስ የተባለች የናሳ ሳተላይት የምትሰበስበው መረጃ ለሁሉም በነፃ ክፍት ነው። ለመለማመጃ ኤልኤችኤስ 3844 የተባለውን ቀይ ድንክ ውሰዱ፤ ፕላኔቷ በ11 ሰዓት አንዴ ትዞራለች፣ ብርሃኑን ለግማሽ ሰዓት ያህል 0.4 በመቶ ትቀንሳለች። የ27 ቀኑ የብርሃን ፋይል 2 ሜጋባይት ገደማ ስለሆነ ኔትወርክ ሲመጣ አውርዳችሁ ቀሪውን ያለ ኢንተርኔት ትሠራላችሁ።

ሥራው ፓይተን በሚባለው የኮምፒውተር ቋንቋ፣ ላይትከርቭ በሚባለው ጥቅል ነው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው ማጽዳቱ ላይ ነው። ቀይ ድንኮች ድንገት ይፈነዳሉና ወደ ላይ የዘለሉትን ነጥቦች አውጡ፤ ወደ ታች የወረዱትን ግን አትንኩ፣ የምትፈልጓት ፕላኔት እዚያ ናት። የኮከቡ ጥቁር ነጠብጣብ የሚያመጣውን ቀስ ያለ መዋዠቅ ስታስተካክሉ ደግሞ መስኮቱን፣ ማለትም በአንዴ የሚታዩትን ነጥቦች ብዛት፣ አታጥብቡ። ነባሪው 101 ነጥብ፣ በ2 ደቂቃ ልኬት 3 ሰዓት ከ22 ደቂቃ ነው፤ ለዚህች ፕላኔት ይበቃል። ጋርዶሹ 3 ሰዓት ለሚቆይ ግን ፕላኔቷ በብርሃኑ ግራፍ ላይ የምትሠራውን ጉድጓድ ራሱን ይደፍነዋል። እስከ አንድ ቀን አስፉት።

የዙር ፍለጋውን፣ ማለትም ፕላኔቷ በስንት ጊዜ አንዴ እንደምትዞር መፈለጉን፣ ከ0.3 ቀን አስጀምሩ። ከ1 ቀን ካስጀመራችሁት እውነተኛውን 0.46 ቀን ትቶ ሦስት እጥፉን 1.39 ሊሰጣችሁ ይችላል፤ ግራፉም ያማረ ይመስላል።

ጉድጓዱ ሲወጣላችሁ ቶሎ አትደሰቱ። ጎዶሎ ቁጥር የያዙትንና ሙሉ ቁጥር የያዙትን ጋርዶሾች ለይታችሁ አስተያዩ። ጥልቀታቸው ከተለያየ ፕላኔት ሳይሆን እርስ በርስ የሚጋረዱ ሁለት ኮከቦች ናቸው፣ ዙሩም እጥፍ ነው። ሌላው አስቸጋሪ የቴስ ፒክሰል ነው፤ እያንዳንዱ 21 ቅስት ሰከንድ (አንዱ የዲግሪ 3,600ኛ ክፍል ነው) ስለሚሸፍን የጎረቤት ኮከብ ጋርዶሽ በእናንተ ኮከብ ላይ ይጻፋል። ይህን ላፕቶፕ ብቻውን አይፈታውም። ጋርዶሹ በሚውልበት ሰዓት ኮከቦቹን ለያይቶ የሚያይ የምድር ቴሌስኮፕ ይፈልጋል፤ እንጦጦ ላይ ያሉት ባለ 1 ሜትሮቹ ዓይነት።