ዓይን ሲቀላ፦ ከቅላቱ ይልቅ ሕመሙን ያዳምጡ

ጥያቄ፦ የግራ ዓይኔ ነጩ ክፍል ቀልቷል። ዓይናር የለውም፤ ሌሊት ግን ሕመሙ እስከ ቅንድቤና መንጋጋዬ እየዘለቀ ከእንቅልፌ ይቀሰቅሰኛል። ዓይን ማዝ ይሆን?

መልስ፦ አይመስልም። ዓይን ማዝ ይቆረቁራል፣ ጠዋት ሽፋሽፍት ያጣብቃል፤ ከእንቅልፍ ግን አይቀሰቅስም። የገለጹት ስክለራይተስን ያስጠረጥራል፤ ይህም የዓይን ነጩ ግድግዳ ራሱ ሲቆጣ ነው። ዓይንን ሲያንቀሳቅሱ ይብሳል፣ በቀን ብርሃን ሲታይ ቅላቱ ወደ ወይን ጠጅ ያደላል። ዛሬ ወይም ነገ የዓይን ሐኪም ይዩ። ዕይታዎ ከደበዘዘ ነገን አይጠብቁ።

ጥያቄ፦ ሐኪሙ ጠብታ ጨምሮ 15 ደቂቃ አስጠበቀኝ። ለምን?

መልስ፦ ፊኒሌፍሪን ሳይሆን አይቀርም። የላይኛውን ስስ ሽፋን የደም ሥሮች ያጠባል። ቅላቱ ከጠፋ ችግሩ ላይ ላዩን ነው (ኤፒስክለራይተስ)፤ ብዙ ጊዜ በሁለት ሦስት ሳምንት በራሱ ይለቃል። ካልጠፋ ከታች ነው (ስክለራይተስ)።

ጥያቄ፦ ከፋርማሲ የገዛሁት የዴክሳሜታዞን ጠብታ አሻለኝ። ልቀጥልበት?

መልስ፦ ያለ ምርመራ አይሆንም። ቅላቱ የመጣው በሄርፒስ ቫይረስ ከሆነ ጠብታው ኮርኒያውን (የዓይንን ፊት የሚሸፍነውን ጥርት ያለ ሽፋን) ያስበላዋል፤ ሲቆይም የዓይን ግፊት ይጨምራል፣ ሞራ ያመጣል። ስክለራይተስ ከሆነ ደግሞ ጠብታ ብቻውን አብዛኛውን ጊዜ አይበቃውም። ቀለል ላለው እንደ አይቡፕሮፌን ያለ የሚዋጥ መድኃኒት ለሳምንታት ይሰጣል፤ የጨጓራ ቁስለት ወይም የኩላሊት ችግር ካለብዎ ግን አስቀድመው ይናገሩ። ለጠናው ፕሬድኒሶሎን (የሚዋጥ ስቴሮይድ) ይታዘዛል፤ መነሻው በቀን እስከ 1 ሚሊግራም በኪሎ ሊደርስ ይችላል፣ ከዚያ ቀስ እየተባለ ይቀነሳል። በድንገት ማቋረጥ ሕመሙን ይመልሳል፣ ሰውነትንም ያናጋል። ከመጀመሩ በፊት የቲቢና የቂጥኝ ምርመራ ያስፈልጋል፤ እኛ አገር ቲቢ ብዙ ስለሆነና መድኃኒቱ የተኛውን ስለሚቀሰቅስ ይህን መዝለል አይገባም። አልማዝ ባለጭራ ይዞዎት ከነበረም ይንገሩ።

ጥያቄ፦ ከሳል በኋላ ዓይኔ ላይ ደም የመሰለ ነጠብጣብ ወጣ፤ አያመኝም።

መልስ፦ ስስ የደም ሥር ፈንድቶ ነው። በሁለት ሳምንት ገደማ ይጠፋል፤ የደም ግፊትዎን ግን ይለኩ።

ጥያቄ፦ እናቴ ለዓመታት የመገጣጠሚያ ሕመም (ሩማቶይድ አርትራይተስ) አለባቸው። አሁን ነጩ ዓይናቸው ላይ ሰማያዊ ግራጫ ቦታ ታየ፤ ምንም አላመማቸውም።

መልስ፦ ያለ ሕመም መምጣቱ እዚህ ላይ አያጽናናም። በዚህ በሽታ የቆዩ ሰዎች ነጩ ግድግዳ ሳያም ሊሳሳ ይችላል፤ ሰማያዊ ሆኖ የሚታየው የውስጡ ጥቁር ሽፋን ነው። በቶሎ የዓይን ሐኪም ያሳዩዋቸው፤ የመገጣጠሚያ ሕመማቸውን የሚከታተለው ሐኪምም ይወቀው፣ ሕክምናው መጠናከር ሊኖርበት ይችላል። እስከዚያው ዓይናቸውን አይሹ፤ የሳሳው ቦታ በትንሽ ምት ሊቀደድ ስለሚችል መከላከያ መነጽር ያድርጉላቸው።